በማረጥ ዘመን ማይግሬንን ከአላፊ ስትሮክ የመለየት ታሪክ

መግቢያ

የተለማማጅ ሐኪምነት ዘመኔን ባስታወስሁ ቁጥር ሁለት ሴቶች በዓይነ ሕሊናዬ ይመጣሉ። አንደኛዋ የ48 ዓመት መምህርት ነበሩ። በማስተማር ላይ ሳሉ ከሰሌዳው ጽሑፍ መካከል አንዲት የምትብለጨለጭ ነጥብ ታየቻቸው። ነጥቧ እየሰፋች ሄዳ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ቅስት ሆነች። ከሩብ ሰዓት በኋላ የግራ እጃቸው ጣቶች ጉንዳን እንደሚሄድባቸው መውረር ጀመሩ፤ ስሜቱም ቀስ እያለ ወደ ክንዳቸው፣ ከዚያም ወደ ከንፈራቸው ወጣ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሁሉም ጠፋ፤ ራሳቸውንም አላመማቸውም። እኔም በካርዳቸው ላይ “አላፊ ስትሮክ” ብዬ ጻፍሁ፤ አስፒሪን አዘዝሁ፤ “ትልቁ ሊከተል ይችላልና ይጠንቀቁ” አልኋቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳገኛቸው “በተማሪዎቼ ፊት ሽባ ሆኜ እወድቃለሁ” ብለው በመፍራት ሥራቸውን ትተው ነበር።

ሁለተኛዋ የ51 ዓመት እናት ሲሆኑ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ራስ ፍልጠት የማይለያቸው ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት ቡና ሲያፈሉ ቀኝ እጃቸው በድንገት ከዳቸውና ጀበናው ወደቀ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እጃቸው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ወደ ሕክምና ሲመጡ “የተለመደው ማይግሬን ነው፤ በማረጥ ጊዜ ይብሳል” ተብለው የሕመም ማስታገሻ ይዘው ሄዱ። በአራተኛው ቀን አንደበታቸው ተይዞ፣ ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆኖ ተመለሱ። የልብ ትርታቸው ሥርዓት የለሽ ነበር፤ የልባቸው ቫልቭም በቆየ የሪህ ልብ በሽታ ተጎድቶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግን ልባቸውን ያዳመጠ አልነበረም።

ሁለቱ ስሕተቶች ተቃራኒ ቢሆኑም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ምልክቱ እንዴት እንደ ጀመረና እንዴት እንደ ሄደ በጥንቃቄ አለመጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ሲሆን፣ የመጣበትን መንገድ ማወቅ ለዕለት ተዕለት ሥራችን ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዓይን ፊት የሚታየው ምሽግ

ማይግሬን ራስ ምታት ብቻ እንዳልሆነ በዝርዝር ከመዘገቡት መካከል እንግሊዛዊው ሐኪም ሁበርት ኤሪ ይገኝበታል። የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበረው አባቱ ጆርጅ ኤሪ በ1865 ስለ ራሱ የዓይን ብዥታ ጽፎ ነበር፤ ልጁም በ1870 ባሳተመው ጥናት በገዛ ዓይኑ የሚያየውን በሥዕል አስቀመጠ። በእይታው መካከል አጠገብ በትንሽ ነጥብ የሚጀምር፣ ጠርዙ እንደ ጥንታዊ ምሽግ ግንብ የተሰባበረና የሚንቀጠቀጥ፣ በደቂቃዎች ውስጥ እየሰፋ ወደ እይታው ዳር የሚሄድ ቅስት ነበር። ኤሪ “ቴይኮፕሲያ” ብሎ የሰየመውም ከግሪክኛው “የከተማ ቅጥር” ከሚለው ቃል ወስዶ ነው። በ1873 ደግሞ ኤድዋርድ ሊቪንግ ስለ ማይግሬን ሰፊ መጽሐፍ ጽፎ ሕመሙ ከነርቭ ሥርዓት የሚነሣ ማዕበል ነው ሲል ተከራከረ።

ይህ አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን ተትቶ ነበር። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ሃሮልድ ዎልፍ ማይግሬንን በደም ቧንቧዎች መጥበብና መስፋት ተረጐመው፤ ኦራ የሚባለው ቅድመ ምልክት የሚመጣው ደም ቅዳዎች ሲጠብቡ ነው ተባለ። ማይግሬንም ሆነ ስትሮክ የደም ቧንቧ ጉዳይ ከሆኑ በመካከላቸው ያለው ወሰን መደብዘዙ የማይቀር ነበር።

ከአንገት ደም ቅዳ የመጣው ማስጠንቀቂያ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዘው በ1913 በካናዳ የተወለደው ሚለር ፊሸር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይል ሐኪም ሳለ መርከቡ በ1941 ሰጥማ በጀርመን የጦር ምርኮኛ ሆኖ ዓመታት አሳለፈ። ከጦርነቱ በኋላ በሞንትሪያል ሲሠራ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ከሕመማቸው በፊት ስለ ነበረው ጊዜ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር። ከመካከላቸውም ሽባ ከመሆናቸው በፊት አንድ ዓይናቸው ለጥቂት ደቂቃ ጨልሞ እንደ ተመለሰ የነገሩት ነበሩ፤ የጨለመው ዓይን ደግሞ ኋላ ሽባ ከሆነው ጎን በተቃራኒ ያለው ነበር። ዓይኑንና የተጎዳውን የአንጎል ክፍል የሚመግበው አንድ ቧንቧ፣ ማለትም ካሮቲድ የሚባለው የአንገት ደም ቅዳ መሆኑን ፊሸር ተገነዘበ። በ1951 ባወጣው ጽሑፍ የካሮቲድ መዘጋት የስትሮክ ምክንያት እንደሆነና ከመዘጋቱ በፊት አላፊ ምልክቶች እንደሚታዩ አስተማረ።

ውጤቱ ፈጣን ነበር። በ1954 በለንደን 33 አላፊ ጥቃቶች የደረሱባት የ66 ዓመት ሴት በአንገቷ ደም ቅዳ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በምዕራቡ ዓለም የሚያልፍ የነርቭ ምልክት ያየ ሐኪም ሁሉ የአንገትን ደም ቅዳ መፈለግ ጀመረ። በ1975 በወጣው አመዳደብ አላፊ ስትሮክ በ24 ሰዓት ውስጥ ፈጽሞ የሚጠፋ ጥቃት ተብሎ ተተረጐመ። ትርጉሙ ሰዓትን እንጂ የምልክቱን ጠባይ አይጠይቅም ነበር፤ በመሆኑም የማይግሬን ኦራ ያለባቸው ብዙ ሰዎች በዚያው መረብ ውስጥ ገቡ። ለምርመራውም አንጂዮግራፊ ይደረግላቸው ነበር፤ ይህ ምርመራ ደግሞ ራሱ አንዳንድ ጊዜ ስትሮክ ያስከትላል።

በደቂቃ ሦስት ሚሊ ሜትር

በሌላ አቅጣጫ ደግሞ የኤሪን ሥዕል የሚያስረዳ ዕውቀት እየተጠራቀመ ነበር። ራሱ ኦራ የነበረበት አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ካርል ላሽሊ በእይታው ውስጥ የሚሰፋውን ቅስት በሰዓት እየለካ ሣለው። በ1941 ባሳተመው ስሌት መሠረት በአንጎል የእይታ ክፍል ላይ አንድ ሁከት በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሦስት ዓመት በኋላ ብራዚላዊው አሪስቲደስ ሌያዎ በአሜሪካ በጥንቸል አንጎል ላይ ሲመራመር፣ ኮርቴክስ በሚባለው የአንጎል ውጫዊ ሽፋን ላይ የነርቭ ሥራን እያዳከመ በተመሳሳይ አዝጋሚ ፍጥነት የሚስፋፋ ማዕበል አገኘ። ሁለቱ ግኝቶች መመሳሰላቸውን በጽሑፍ ያመለከተው ግን ፒተር ሚልነር በ1958 ነበር። በ1981 ኦሌሰንና ባልደረቦቹ በዴንማርክ በሰው ላይ፣ በኦራ ጊዜ የደም ፍሰት መቀነስ ከአንጎል ኋላ ክፍል ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ፊት እንደሚሄድ አሳዩ። አካሄዱ የአንድ ደም ቅዳ ግዛትን ወሰን አይጠብቅም ነበር። በ2001 የታተመ የኤም.አር.አይ. ጥናትም ይህንኑ ዝግመት በሰው አንጎል ላይ አረጋገጠ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለአልጋ ዳር ምርመራ እጅግ ጠቃሚ ነው። ማዕበሉ ሲያልፍ የነርቭ ሴሎችን መጀመሪያ ያነቃል፣ ቀጥሎ ጸጥ ያደርጋል። ስለዚህ ብልጭታ ይቀድማል፣ ጨለማ ይከተላል፤ መውረር ይቀድማል፣ መደንዘዝ ይከተላል። ደም ቅዳ በረጋ ደም ሲዘጋ ግን የሚመግበው ክፍል በሙሉ በአንድ ጊዜ ይራባል። በመሆኑም ምልክቱ ድንገተኛ ነው፤ የሚታየውም ጭማሪ ሳይሆን ጉድለት ነው፤ እጅ ይሰንፋል፣ አንደበት ይያዛል፣ እይታ ይጠፋል።

የ1980ው ጽሑፍ

ሐኪሞች አላፊ ጥቃትን እንዲፈሩ ያስተማረው ፊሸር፣ ከ29 ዓመት በኋላ ራሱ በዚያ ትምህርት ላይ ድንበር አደረገ። አንጂዮግራፊ ተደርጎላቸው ደም ቅዳቸው ደኅና የሆነ፣ ነገር ግን አላፊ ምልክት የሚደጋገምባቸው ሰዎች ነገር ያሳስበው ነበር። በ1980 ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ 120 ሰዎችን ገልጾ፣ ብዙ ምክንያታቸው ያልታወቀ አላፊ ጥቃቶች በኋለኛ ዕድሜ የሚመጡ የማይግሬን ተጓዳኝ ምልክቶች መሆናቸውን አስረዳ። ያመለከታቸው ጠባዮችም የሚከተሉት ናቸው፤ የሚብለጨለጭና ቀስ እያለ የሚሰፋ የእይታ ምልክት፣ ከአካል ወደ አካል የሚጓዝ መውረር፣ አንዱ ምልክት ሲያበቃ ሌላው መተካቱ፣ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ መቆየቱ፣ ተመሳሳይ ጥቃቶች ቀደም ብለው መከሰታቸው፣ በመካከለኛ ዕድሜ ለተወሰነ ጊዜ መደራረባቸው። ራስ ምታት የነበረው በግማሾቹ ያህል ብቻ ነበር። ፊሸር ይህን ምርመራ ሌሎች ምክንያቶች ከተወገዱ በኋላ የሚደረስበት አድርጎ እንዳስቀመጠው አንዘንጋ።

በ1998 የወጣው የፍራሚንግሃም ጥናት ሐሳቡን አጠናከረው። ከ2,110 ሰዎች መካከል 1.23 በመቶው እንዲህ ያለ የእይታ ምልክት ነበራቸው፤ ከእነዚህም 77 በመቶው ምልክቱ የጀመራቸው ከ50 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ 58 በመቶው ከምልክቱ ጋር ራስ ምታት ኖሯቸው አያውቅም።

ማረጥ ለምን ነገሩን ያወሳስበዋል?

በ1972 አውስትራሊያዊው ብራያን ሰመርቪል ከወር አበባ በፊት ኤስትሮጅን በመርፌ ሲሰጥ የወር አበባው በጊዜው ቢመጣም ማይግሬኑ እንደሚዘገይ አሳየ። ቀስቃሹ የኤስትሮጅን ማሽቆልቆል ነበር። ከማረጥ በፊት ባሉት ዓመታት ደግሞ ኤስትሮጅን የሚቀንሰው በእኩል ደረጃ ሳይሆን ከፍ ዝቅ እያለ በመሆኑ ማይግሬን ሊደጋገም ይችላል። በ1993 በጣሊያን የተደረገ ጥናት ማረጥ በተፈጥሮው ሲመጣ ከሦስት ሴቶች ሁለቱ ያህል እንደሚሻላቸው፣ እንቁልጢ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ግን ሁለት ሦስተኛው ያህል እንደሚብስባቸው አመለከተ።

በዚሁ ዕድሜ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ይጨምራሉ፤ የስትሮክም ሥጋት ከፍ ይላል። ኦራ ያለው ማይግሬን ራሱ በደም መርጋት የሚመጣ ስትሮክን ሥጋት ወደ እጥፍ እንደሚያደርስ በ2005ና በ2009 የታተሙ የጥናት ማጠቃለያዎች አሳይተዋል። ለማረጥ ምልክቶች የሚሰጥ ሆርሞንም ጥያቄ ያስነሣል። በ2002 ይፋ በሆነው የአሜሪካ ጥናት፣ 16,608 ሴቶች በተሳተፉበት፣ ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን አብረው በአፍ ሲወሰዱ የስትሮክ ሥጋት በ41 በመቶ ጨምሯል። በ2010 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ አነስተኛ መጠን ኤስትሮጅን ሥጋቱን እንዳልጨመረ አመልክቷል። ስለዚህ አንዲት ሴት ሆርሞን ከጀመረች በኋላ አዲስ ኦራ ከመጣባት መድኃኒቱንና መጠኑን እንደገና መመርመር ተገቢ ነው።

ጊዜ የማይሰጠው ጥቃት

ፊሸር ያቆመውን ድንበር ያለ ጥንቃቄ መጠቀም ሁለተኛዋን እናት የጎዳውን ስሕተት ይወልዳል። በ2000 በካሊፎርኒያ 1,707 የአላፊ ስትሮክ ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት በ90 ቀን ውስጥ 10.5 በመቶው ስትሮክ እንደመታቸው፣ ከእነዚህም ግማሾቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደተመቱ ገለጸ። በ2007 ደግሞ በኦክስፎርድ የተደረገ ጥናት አስቸኳይ ምርመራና ሕክምና ሥጋቱን በ80 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አሳየ። በ2009 ትርጉሙም ተለውጦ፣ አላፊ ስትሮክ የአንጎል ሕዋስ ሞት ያላስከተለ ጥቃት ተባለ፤ ምልክቱ በደቂቃዎች ቢጠፋም በምስል ላይ የሞተ ሕዋስ ከታየ ስትሮክ ነው ማለት ነው።

ኤም.አር.አይ. በቅርብ የማይገኝበት የጤና ባለሙያ ግን ባዶ እጁን አይደለም። ሕመምተኛዋን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ። አንደኛ፣ ምልክቱ በአንድ ቅጽበት መጣ ወይስ በደቂቃዎች ውስጥ እየሰፋ ሄደ? ሁለተኛ፣ የተጨመረ ነገር ነበር ወይስ የጎደለ? ሦስተኛ፣ ምልክቶቹ አብረው ጀመሩ ወይስ ተራ በተራ? አራተኛ፣ ከዚህ በፊት እንዲሁ ሆኖ ያውቃል? አምስተኛ፣ ብዥታው በአንድ ዓይን ነው ወይስ በሁለቱም? ይህን ለማወቅ ዓይኖቿን ተራ በተራ ሸፍና እንደሆነ ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ የደም ግፊት ይለካ፣ የልብ ትርታ ይዳሰስ፣ ልብ ይደመጥ፣ የደም ስኳር ይታይ። የሪህ ልብ በሽታ ባልጠፋበት አገራችን ሴቶች በአርባዎቹና ከዚያም ባነሰ ዕድሜ ከልባቸው በተነሣ የረጋ ደም ሊመቱ ይችላሉና ልብን ሳያዳምጡ “ማይግሬን ነው” ማለት አይገባም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ፣ ድንገተኛ የሆነ፣ ወይም ከእጅና ከእግር መስነፍ ጋር የመጣ ጥቃት ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ አላፊ ስትሮክ ነው ተብሎ በዚያው ቀን ይላክ። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ደግሞ ተጓዥ ስሜት ሁሉ ማይግሬን አይደለም፤ አንዳንዴ ከአንጎል ገጽ ላይ ከሚፈስ ጥቂት ደም ሊመጣ ስለሚችልና አስፒሪን ሊጎዳ ስለሚችል ሲቲ ስካን ማስቀደም ይበጃል።

ማጠቃለያ

መምህርቷን ዳግመኛ ባገኘኋቸው ቀን ታሪካቸውን ከመጀመሪያው አስነገርኋቸው። ጥቃቱ ስድስት ጊዜ ተመላልሶ ነበር፤ ሁልጊዜም ከነጥቧ ይጀምራል፣ ሁልጊዜም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ልባቸውም ደም ግፊታቸውም ደኅና ነበር። የምትብለጨለጨውን ነጥብ በወረቀት ላይ እንዲሥሉልኝ ስጠይቃቸው የሣሉት ኤሪ በ1870 ያሳተመውን ቅስት ይመስል ነበር። “ታዲያ ዶክተር፣ ይህን ያን ዕለት ለምን አልጠየቁኝም?” አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በተከታዩ ዓመት ወደ ማስተማር ተመለሱ። ሁለተኛዋ እናት ግን እስከ ዛሬ የቀኝ እጃቸው አልታዘዘላቸውም። ሁለቱም በመጀመሪያው ቀን ያስፈልጋቸው የነበረው ወንበር ስቦ ተቀምጦ የሚጠይቃቸውና ልባቸውን የሚያዳምጥ ሰው ነበር።