የፔኒሲሊን ጠላትና የዚንክ ቅንጣቶች

የፔኒሲሊን ነገር ሲነሳ የሚወራው ስለ ፍሌሚንግና በ1928 ስላየው ሻጋታ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመድኃኒቱን ጠላት ታሪክ ግን የሚተርክልን እምብዛም የለም። ዋናው ቁም ነገር ያለው ግን እዚያ ይመስለኛል።

በ1940 መጨረሻ ኤብራሃምና ቼይን የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኤንዛይም እንዳለው ጽፈው አስታወቁ። ልብ በሉ! እዚያው ኦክስፎርድ አንድ ፖሊስ በፔኒሲሊን መታከም የጀመረው በ1941 ነው። መድኃኒቱ ሕክምና ቤት ሳይገባ ማርከሻው ታውቆ ነበር ማለት ነው።

የፔኒሲሊን ኃይል ያለው አራት አተሞች በሠሯት ትንሽ ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቷ ከተበጠሰች መድኃኒቱ ከንቱ ነው። አብዛኞቹ አፍራሽ ኤንዛይሞች ይህን የሚያደርጉት ያለ ብረታ ብረት እገዛ ነው። በ1966 ግን ይኸው ኤብራሃም ከሳባት ጋር ሆኖ አንድ ለየት ያለ አገኘ። የአፈር ባክቴሪያ የሆነው ባሲለስ ሴርየስ ያለው ኤንዛይም ያለ ዚንክ አይሠራም። አዎን፣ የጣሪያ ቆርቆሯችን እንዳይዝግ የሚለበጥበት ዚንክ! ዚንኩን ሲነጥቁት ሥራ ይፈታል፤ ሲመልሱለት እንደገና ይነሳል። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ዚንኩ (ብዙ ጊዜ ሁለት ቅንጣት ነው) አንዲት የውሃ ሞለኪዩል ይዞ ይስላታል፤ የተሳለችው ውሃ ቀለበቷን ትበጥሳለች።

ታዲያ ማን ቁብ ሰጠው? ለብዙ ዓመታት እንደ እንግዳ ነገር ብቻ ታየ። በ1981 ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተቀመመው ኦግመንቲን ገበያ ሲወጣ ብዙዎቹን ኤንዛይሞች አሰረ፤ ባለ ዚንኩን ግን አልነካውም። በ1991 ደግሞ ከጃፓን ክፉ ወሬ መጣ፤ ኢሚፔኔም የተባለውን ብርቱ መድኃኒት የመቋቋም ችሎታ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ሲሻገር ተገኘ። በስተኋላ የዚህ ምክንያቱ ባለ ዚንክ ኤንዛይም መሆኑ ታወቀ። በ2009 ሌላ ዘመዱ በኒው ዴልሂ ስም ተጠራና ሕንዶች ተቆጡ። እውነታቸውን ነው፤ በከተማ ስም በሽታ መጥራት ምን ይሉታል?

በ2014 የካናዳው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች መላ ያገኙት፣ ይገርማል፣ ከሻጋታ ነው። ቅጠል የሚያጠወልግ መርዝ መሆኑ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ንጥረ ነገር ዚንኩን ከኤንዛይሙ ነጥቆ፣ በታመሙ አይጦች ላይ ሜሮፔኔም የተባለውን መድኃኒት እንደገና እንዲሠራ አደረገው።

ችግሩ ዚንክ የባክቴሪያ ብቻ አለመሆኑ ነው። የኦክስፎርዱ ጽሑፍ በወጣበት ሰሞን ካምብሪጅ ውስጥ ኬይሊንና ማን ዚንክ ያለበትን የመጀመሪያውን ኤንዛይም አሳይተው ነበር። እሱ የተገኘው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው፤ ሥራውም ከሰውነታችን የተቃጠለ አየር እንዲወጣ መርዳት ነው። ዚንክ ነጣቂ መድኃኒት የሚሠራ ሰው ይህንንና መሰሎቹን ሳይነካ የባክቴሪያውን ብቻ መንጠቅ አለበት።