በኒው ኦርሊንስ የምግብ አሠራር ትምህርትና የባለሙያዎቹ ታሪክ

በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት በምትገኘው በኒው ኦርሊንስ ከተማ፥ ለዕረፍት የመጣ መንገደኛ ገንዘብ ከፍሎ የአገሩን ምግብ አሠራር በጥቂት ሰዓት የሚማርባቸው ቤቶች አሉ። ከነዚህ አንዱ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምራል (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አስተማሪው ከምድጃው አጠገብ ቆሞ እያማሰለ ታሪክ ይነግራል፤ እንግዳውም ያደምጣል፥ በመጨረሻም ይበላል። እንግዲህ ይህ ታሪክ እንደ ማናቸውም ታሪክ መመርመር ይገባዋል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እንዲህ ነው፦ ክሪዮል የሚባለው በ1718 ዓ.ም. ፈረንሳዮች በመሠረቱት ከተማ፥ ኋላም በእስፓኝ አገዛዝ ዘመን የዳበረ የከተሜ ምግብ ነው። ካጁን ግን የባላገር ምግብ ሲሆን፥ እንግሊዞች ከ1755 ዓ.ም. አንሥቶ ዛሬ ካናዳ ከምንለው አገር ያባረሯቸው አካዲያን የተባሉ ፈረንሳዮች በረግረጉና በሜዳው ሰፍረው ያበጁት ነው። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ጎደሎ ነው፤ ጉድለቱንም የሚመሰክረው ድስቱ ራሱ ነው።

ጋምቦ የሚባለውን ወጥ እንመልከት። መሠረቱ ሩ ይባላል፤ ይኸውም ዱቄት በስብ ወይም በዘይት ቀስ እያለ እየተማሰለ እስኪጠቁር የሚበስልበት የፈረንሳዮች ብልሃት ነው። ቀጥሎ ሽንኩርት፥ ሴለሪና ቃሪያ ይገባሉ፤ እንደ እኛ ቁሌት ያለ ነገር ነው ማለት ይቻላል። ወጡን ከሚያወፍሩት አንዱ የሳሳፍራስ ቅጠል ዱቄት ሲሆን፥ እርሱም ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከቾክቶዎች የተገኘ ነው። ሌላው በአገራችን በምዕራቡ ቆላ የሚበላው ባምያ ነው። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት ጋምቦ የሚለው ስም ራሱ በባንቱ ቋንቋዎች ባምያ ከሚጠራበት ቃል የመጣ ነው። ከወጡ ጋር የሚቀርበው ሩዝም የራሱ ነገር አለው፦ በ1719 ዓ.ም. ባሪያዎችን ጭነው የመጡት የመጀመሪያዎቹ መርከቦች የሩዝ ዘርና ሩዝ ማልማት የሚያውቁ አፍሪካውያን እንዲያመጡ ታዝዘው ነበር። የተፈለገው ጉልበታቸው ብቻ አልነበረም፤ ዕውቀታቸውም ጭምር እንጂ።

ይህን ዕውቀት በትምህርት ቤት ያስተማሩት ወይዘሮ ሌና ሪቻርድ ናቸው። በ1892 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በነጮች ቤት ወጥ ሠሪነት ጀምረው በ1918 ዓ.ም. ቦስተን ሄደው ተማሩ። በ1937 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ የከፈቱት ትምህርት ቤት ለመንገደኛ መዝናኛ የታሰበ አልነበረም። ጥቁሮች ሙያቸውን አሻሽለው የተሻለ ደመወዝ እንዲጠይቁ የታሰበ ነበር። በእኔ አስተያየት በሁለቱ ዓይነት ትምህርት መካከል ያለው ልዩነት ከክሪዮልና ከካጁን ልዩነት የበለጠ ነው፤ አንዱ ጋ የሚማረው ለእንጀራው፥ ሌላው ጋ ለትዝታው ነውና።

በ1939 ዓ.ም. ወይዘሮ ሌና ከሦስት መቶ በላይ የምግብ አሠራሮችን የያዘ መጽሐፍ በራሳቸው ወጪ አሳተሙ፤ ርእሱም በስማቸው የተጠራ ነበር። በሚከተለው ዓመት አንድ ታላቅ የማተሚያ ድርጅት እንደገና ሲያሳትመው ርእሱ «የኒው ኦርሊንስ የምግብ መጽሐፍ» ሆነ። በርእሱ ላይ የባለሙያዋ ስም በከተማይቱ ስም ተተካ ማለት ነው። በ1949 ዓ.ም. በከተማይቱ ቴሌቪዥን ቀርበው ምግብ አሠራር ያስተምሩ ጀመር፤ ከዚያም በሚከተለው ዓመት አረፉ። በዚያ ዘመን የእርሳቸውን ትምህርት በየቤታቸው የተመለከቱ ነጮች በሚመገቡባቸው ምግብ ቤቶች እርሳቸው ገብተው ከገበታው መቀመጥ አይፈቀድላቸውም ነበር።