የኔስ ሐይቅ አውሬና የምስክሮቹ መዝገብ

በሰሜን ስኮትላንድ የሚገኘው የኔስ ሐይቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጥልቀቱ እስከ 230 ሜትር ይደርሳል። ከዙሪያው ረግረግ የሚወርደው አፈር ስላጠቆረው ዓይን ወደ ውስጥ ብዙም አይዘልቅም። ዶክተር ኮንስታንስ ኋይት በዚያ አገር የኖሩት ባለቤታቸው የካሌዶንያ ቦይ ሥራ አስኪያጅ ስለነበሩ ነው። ሙያቸው ሕክምና ነበር፤ ነገር ግን በሐይቁ ውስጥ አውሬ አየን ያሉ ሰዎችን ቃል ሰብስበው በ1957 (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በመጽሐፍ አሳተሙ። የተነሡት መሳቂያ የሆኑ ምስክሮችን ስም ለመከላከል ነበር። አውሬው አለ ብለው ማመናቸው ስህተት ይመስለኛል። መዝገባቸው ግን አንድ አፈ ታሪክ በቅርብ ዘመን እንዴት እንደተወለደ ስለሚያሳይ ትልቅ ዋጋ አለው።

የልደቱ ዘመን በደንብ ይታወቃል። ግንቦት 2 ቀን 1933 የኢንቨርነስ ከተማ ጋዜጣ ባልና ሚስት በሐይቁ ላይ ግዙፍ ፍጥረት ማየታቸውን ዘገበ። በሰሜኑ ዳርቻ መንገድ የተሠራውም በዚያው ሰሞን ነበርና መንገደኛው ሐይቁን አሻግሮ ማየት ቻለ። ከዚያ አትራፊዎች ተከተሉ። በታኅሣሥ አንድ ዕለታዊ ጋዜጣ የቀጠረው አዳኝ፣ ማርማዱክ ዌዘረል፣ ዳርቻው ላይ የአውሬውን ዱካ አገኘሁ አለ። የዱካው ቅርጽ ለንደን ተልኮ በሙዚየም ባለሙያዎች ሲመረመር የደረቀ የጉማሬ እግር ሆኖ ተገኘ፤ ለቤት ዕቃነት የተዘጋጀ እግር መሬት ላይ እየታተመ ኖሯል። በሚያዝያ 1934 የወጣው ዝነኛው ባለ ረጅም አንገት ፎቶግራፍም የአሻንጉሊት ሰርጓጅ መርከብ ላይ የተተከለ ቅርጽ እንደነበር በ1994 ተጋለጠ።

አውሬው በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው መነኩሴ ከቅዱስ ኮሎምባ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል የሚሉ አሉ። ስለ አውሬው የሚናገረውን የቅዱሱን ገድል አዶምናን የጻፈው ቅዱሱ ካረፈ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ አውሬው የታየውም በኔስ ወንዝ እንጂ በሐይቁ አይደለም። አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ላይ ያወጣቸውን ዘንዶ የሚያውቅ የእኛ አንባቢ፣ ገድል የሚናገረው ስለ ቅዱሱ ጸጋ መሆኑን አይስተውም። ከዚያ ገድል እስከ 1933 ድረስ በሐይቁ የሚኖር አንድ እንስሳ ተከታትሎ የሚያሳይ ሰነድ የለም።

ከባዱ ጥያቄ የምስክሮቹ ብዛት ነው። ይህ ሁሉ ሰው ዋሸ ማለት ነውን? አይደለም። ጀልባ ካለፈ በኋላ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ የሚዘልቅ ማዕበል፣ የሚንሳፈፍ ግንድ፣ የሚዋኝ አጋዘን፣ ሁሉም ከሩቅ ሕይወት ያለው ግዙፍ ነገር ሊመስሉ ይችላሉ፤ አውሬ መኖሩን የሰማ ዓይን ደግሞ ቀሪውን ይሞላዋል። በኒውዚላንዳዊው ኒል ጌመል የተመራ ቡድን በ2018 ከሐይቁ ቀድቶ በመረመረው ውኃ ውስጥ የተሳቢ እንስሳ ዘረ መል አላገኘም፤ ያገኘው ብዙ የእባብ መሰሉ የኢል ዓሣ ዘረ መል ነበር። እንግዲህ ምስክሮቹ ሐሰተኞች አይደሉም ባሉት ዶክተር ኋይት ትክክል ነበሩ። በየሐይቁ ዳር የሽማግሌ ቃል የምትሰበስቡ ሁሉ፣ ባለታሪኩ ያየውን ስትጽፉ መቼና ከየት ሆኖ እንዳየው፣ ከማየቱም በፊት ምን ሰምቶ እንደነበር አብራችሁ መዝግቡ።