ከእሾህ አጥር እስከ ሽቦ አጥር

በጉና ተራራ ግርጌ፣ በገሳይና በደብረ ታቦር አካባቢ፣ ባላገሩ ጓሮውንና ማሳውን ሲያጥር የኖረው በአጋም፣ በቀጋና በግራር እሾህ ነው። ይህ አጥር ከብትን ከሰብል ይመልሳል፤ መንገደኛም እሾሁን በዓይኑ አይቶ ይርቃል።

እሾሃማው ሽቦም ለዚሁ ተግባር የታሰበ ነበር። አሜሪካዊው ገበሬ ጆሴፍ ግሊደን በ1867 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ለከብት ማገጃ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ የጦር ምሽግ መከለያ ሆነ። ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ቁልቋል በር የመሸገው የኢጣሊያ ጦር ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦርና በኢትዮጵያ አርበኞች ድል ሆነ።

ለከብት የታሰበው ሽቦ በሰው ላይ ከዋለ ወዲህ ጥያቄው የሕግ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም እንኳ፣ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። እንግዲህ ጥፋቱ በካሣ የሚታረም ስለሆነ፣ የአጥር ሥራ መከልከል እንጂ መቅጣት አይደለም። ቁጥር 1225ም ባለሀብቱ ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል።

በኤሌክትሪክ አጥር ላይ ይህ ጥንቃቄ ይበረታል። ሕጉ በቁጥር 2069 ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋውን ሰው ያለ ጥፋቱም ኃላፊ ማድረጉ፣ የኤሌክትሪክን አደጋ አስቀድሞ መመዘኑን ያሳያል። እሾህ ይታያል፤ ኤሌክትሪክ ግን አይታይም። ስለዚህ የሚያጥረው ሰው አደጋውን በጉልህ ምልክት ሊያስታውቅ ይገባዋል፤ የጓሮ ሀብት የቱንም ያህል ቢወደድ ከአላፊ አግዳሚው ሕይወት አይበልጥምና።