ምርጡ ጠቦት ቀድሞ ሲሸጥ፦ የበግ አርቢዎች ማኅበር ምን ይሠራል?

በበዓል ሰሞን ሐይቅ ወይም ውጫሌ ገበያ ብቅ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ቀድሞ የሚሸጠው ቶሎ ያደገው ጠቦት ነው። ጥሩ ብር የሚያወጣው እሱ ነዋ! ቤት የሚቀረው ደካማው ነው፤ የቀጣዮቹ ግልገሎች አባትም እሱ ይሆናል። መንጋው እንዲህ እያለ ይዳከማል።

መፍትሔው አገር ውስጥ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮ እና በአፋር በጎች ላይ አርቢው ራሱ የሚመራው የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ተጀመረ። ኢካርዳ፣ ኢልሪ፣ የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ እና የአገራችን የምርምር ማዕከላት አግዘዋል።

አሠራሩን በአጭሩ እንያችሁ፦

👉 ግልገሉ ሲወለድ የጆሮ ቁጥር ይደረግለታል፤ እናቱ፣ የልደት ቀኑና ክብደቱ ይመዘገባል።
👉 6 ወር ገደማ ሲሆነው እንደገና ይመዘናል።
👉 በመዝገቡ የተሻሉት ይለያሉ፤ ከዚያ የአርቢዎቹ ኮሚቴ ቁመናውን፣ ቀለሙንና ላቱን አይቶ ይመርጣል።
👉 የተመረጠው አውራ የጋራ ይሆናል። ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይዳቀል በየጊዜው ቡድን ይቀይራል።
👉 ያልተመረጠው ይሸጣል ወይም ተቀጥቅጦ ይሰባል።

ማኅበር ለምን አስፈለገ? 5 በግ ያለው ሰው ብቻውን ምን ይመርጣል? የጎረቤቱ ሁሉ በግ ሲደመር ግን ምርጫ ይኖራል። ማኅበሩ ጥሩውን ጠቦት ከገዛው ደግሞ ባለቤቱ ብሩን ያገኛል፣ ዘሩም መንደሩ ውስጥ ይቀራል።

ቤተሰቦቻችሁ በግ ያረባሉ? ስልካችሁን መዝገብ አድርጉት፦ የግልገሉን ፎቶ፣ የተወለደበትን ቀን፣ የእናቱን ስም። ከዚያ ለበዓል የትኛው እንደሚሸጥ አብራችሁ ምከሩ።