የአማርኛ ጋዜጣ ጉዞ፦ ከእጅ ጽሑፍ እስከ ኢንተርኔት



የማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በሚከበርበት በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ጋዜጠኝነት ማንሳት ከበዓሉ መራቅ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው የአገር ቤት ወሬ እንደ ምግብ የሚናፈቅበት ጊዜ አለ። ተገናኝተን «ምን ሰማችሁ?» ሳንባባል የምንለያይበት ቀን ጥቂት ነው። ዛሬ መልሱ የሚመጣልን ባብዛኛው ከኢንተርኔት ስለሆነ፣ ይህ ጋዜጠኝነት ከየት እንደመጣ፣ ምን ዕድል እንደከፈተልንና በምላሹ ምን እንደሚጠይቀን ማወቅ ይገባናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ወረቀትና ማተሚያ ቤት

የአማርኛ ጋዜጣ የተጀመረው በጥቂት ቅጂዎች ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አዲስ አበባ ውስጥ የወጣው «አእምሮ» አዘጋጁ እንድርያስ ካቫዲያ የተባለ ግሪካዊ ሲሆን፣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ይታደል ነበር። በ1925 «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ጠላት ከአገር ሲወጣ በ1941 «አዲስ ዘመን» ተከተለ። በ1992 የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን ሲያስቀር ደግሞ በርካታ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ብቅ አሉ። መግዣ ያጠረው አንባቢ አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ ተከራይቶ ያነብ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን አንድ ነገር አልተለወጠም። ጋዜጣ ለማውጣት ወረቀት መግዛት፣ ማተሚያ ቤት ማግኘትና አዟሪ ማሰማራት ግድ ነበር። የግል ጋዜጦችም ቢሆኑ ባብዛኛው የሚታተሙት በመንግሥት ማተሚያ ቤት ስለነበር፣ የኅትመት ዋጋ በጨመረ ቁጥር ህልውናቸው ይናጋ ነበር። ውጭ አገር ላለነው ደግሞ ጋዜጣው በፖስታ ወይም በመንገደኛ ሻንጣ እስኪደርሰን ወሬው ያረጅ ነበር።

መረቡ ሲዘረጋ

በ1993 ሰርን የተባለው በስዊዘርላንድ የሚገኝ የምርምር ማዕከል፣ ዎርልድ ዋይድ ዌብ የሚባለውን ሥርዓት ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። በዓመቱ፣ በ1994፣ ሙሉ ይዘታቸውን በዚህ መረብ ላይ ካወጡት የመጀመሪያ ጋዜጦች አንዱ የሆነው ፓሎ አልቶ ዊክሊ፣ በካሊፎርኒያ የአንዲት ትንሽ ከተማ ጋዜጣ ነበር። ታላቁ ኒው ዮርክ ታይምስ የራሱን ድረ ገጽ የከፈተው በ1996 ነው። በ2000 በደቡብ ኮሪያ ኦማይኒውስ የተባለ የኢንተርኔት ጋዜጣ በ727 ተራ ዜጎች ዘጋቢነት ሥራ ጀመረ። አስተማሪ፣ ተማሪ፣ የቤት እመቤት ሳይል ሁሉም ይጽፍ ነበር። ነገር ግን የተላከው ሁሉ እንዳለ አይወጣም፤ በሙያው የሠለጠኑ አዘጋጆች አንብበውና አጣርተው ነበር የሚያወጡት።

ለእኛ ነገሩ በፊደላችን ምክንያት ጥቂት ዘገየ። በ1990ዎቹ በኮምፒዩተር የሚጻፈው የአማርኛ ፊደል እንደየአዘጋጁ ስለሚለያይ፣ በአንዱ የተጻፈውን ሌላው ኮምፒዩተር ሲከፍተው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ጥርቅም ይሆን ነበር። አንዳንዶች ችግሩን ለማለፍ ጽሑፉን እንደ ፎቶግራፍ አድርገው ያወጡት ነበር። በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ገባና መፍትሔው ተገኘ። ዛሬ በእጅ ስልካችን አማርኛ የምንጻጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያ ራሷ በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቷ በኩል የኢንተርኔት አገልግሎት መስጠት የጀመረችው በ1997 ነበር።

ዕድሉና ፈተናው

ወረቀትና ማተሚያ ቤት እንቅፋት መሆናቸው ሲቀር ሌላ እንቅፋት መጣ። በ2006 በኢትዮጵያ በርካታ ድረ ገጾች እንዳይከፈቱ ተዘጉ። በ2018 መንግሥት 264 ድረ ገጾች መከፈታቸውን አስታወቀ። በ2020 ደግሞ ከሰኔ ወር መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጉዳዩን በዓይኑ ያየው ሰው መናገር አይችልም፤ መናገር የሚችለው ውጭ ያለው ደግሞ አላየም። ባዶውን ቦታ የሚሞላው አሉባልታ ነው። በአሉባልታ ምክንያት ስንት ወዳጅ ከወዳጁ፣ ስንት ዘመድ ከዘመዱ እንደተቀያየመ ሁላችንም እናውቀዋለን።

አበው «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምር» ያሉት ለዚህ ነው። ዛሬ መላው ከባድ አይደለም። ዜናውን ማን ጻፈው? በቦታው ነበር ወይስ ሰማሁ ነው የሚለው? ቀኑ ተጽፏል? ከመጀመሪያው ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ ዘጋቢስ ይህንኑ አረጋግጧል? ፎቶግራፉንም በኢንተርኔት መልሶ በመፈለግ ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሣ መሆን አለመሆኑን ማየት ይቻላል። ይህን ሳያደርጉ ለሌላ ማስተላለፍ ካለማወቅ አይቆጠርም።

ሌላው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ጋዜጦች ይተዳደሩበት የነበረው የአነስተኛ ማስታወቂያ ገቢ ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ፣ ብዙዎች ተዘጉ። ኒው ዮርክ ታይምስ ከ2011 ጀምሮ የድረ ገጹን አንባቢ ክፍያ መጠየቅ ጀመረ። በነጻ የምናነበውን የአማርኛ ዜናም ቢሆን ሰው ደክሞበት ነው የሚያዘጋጀው። እኛ ማኅበርተኞች መዋጮ ምን እንደሚሠራ ከማንም ይልቅ እናውቃለን። ሳያዳላና ሳይሳደብ የሚሠራ ጋዜጠኛ ስናገኝ በጥቂቱም ቢሆን ልንደግፈው ይገባል።

የራሳችን ታሪክስ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በኢንተርኔት ላይ ያለ ጽሑፍ ግን ጠባቂ ከሌለው እንደ ቃል ይረሳል። ጂኦሲቲስ የተባለውና ማንም በነጻ ገጽ የሚከፍትበት አገልግሎት በ2009 በአሜሪካ ሲዘጋ፣ የሚሊዮኖች ገጽ አብሮ ወረደ። በ1996 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ከፊሉን ባያተርፉት ኖሮ ሁሉም በጠፋ ነበር።

የማኅበራችን የአሥር ዓመት ታሪክም በቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ በአሮጌ ኮምፒዩተርና በአባላት አልበም ውስጥ ተበታትኖ ነው ያለው። የመጀመሪያዎቹን አባላት ቃል መቅዳት፣ ወረቀቱን በዩኒኮድ አማርኛ መልሶ መጻፍ፣ ፎቶግራፉን ከነቀኑና ከነስሙ ማስቀመጥ ራሱ ጋዜጠኝነት ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን መሣሪያውን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። የጎደላቸው አማርኛውና ታሪኩ ነው፤ ይህ ደግሞ በእናንተ በአባቶችና በእናቶች ዘንድ አለ። አንድ ወጣትና አንድ አንጋፋ አባል በወር አንድ ቅዳሜ አብረው ቢቀመጡ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የሥራ አመራር ኮሚቴው በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ እንዲይዘው በትሕትና አሳስባለሁ።

መልካም የአሥረኛ ዓመት በዓል ይሁንልን።