የኩርባው ሚዛን፦ ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዛሬዋ ትንሽ መኪና

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ ሲ-47 አውሮፕላኑ የተነሣው ከልደታ ሜዳ ነበር። ይህ ታሪክ በየጊዜው ሲነገር የኖረ ነው። ብዙ ያልተነገረለት ግን ያ አውሮፕላን ከአየር ወርዶ መሬት ከረገጠ በኋላ የነበረው ጠባይ ነው። ሲ-47 ሁለት ትላልቅ ጎማዎች ከፊት፣ አንድ ትንሽ ጎማ ደግሞ ከጅራቱ ሥር የነበረው ሲሆን፣ የክብደቱ ማዕከል የሚያርፈው ከሁለቱ ትላልቅ ጎማዎች በስተኋላ ነበር። በማረፍ ላይ ሳለ አፍንጫው ጥቂት ወደ ጎን ያዘነበለ እንደሆነ፣ ጎማዎቹ መሬቱን ቆንጥጠው ሲይዙ ከኋላቸው ያለው ክብደት ሊቀድማቸው ይገፋል። ስሕተቱም ራሱን በራሱ እያሳደገ ሄዶ አውሮፕላኑን እንደ እንዝርት ሊያዞረው ይችላል። ስለዚህ የጅራቱ ጎማ መቆለፊያ ተሠርቶለት ነበር፤ አብራሪውም አውሮፕላኑ ጨርሶ እስኪቆም ድረስ እግሩን ከመርገጫው አያነሣም። ልደታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኑና አየሩም ስስ በመሆኑ፣ የማረፊያው እውነተኛ ፍጥነት በባሕር ዳርቻ ካለ ሜዳ ከአሥር በመቶ በላይ ይጨምር ነበርና ጥንቃቄው የዚያኑ ያህል መጠንከር ነበረበት።

ይህ የአውሮፕላን ጠባይ ከመኪና ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በኩርባ ላይ ያለች መኪናም የምትገዛው በዚያው ሕግ ነው። ጎማዎቿ የሚያመነጩት የጎን ኃይል ድምር ከክብደቷ ማዕከል በስተፊት ያረፈ እንደሆነ ጅራቷ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በስተኋላ ያረፈ እንደሆነ ደግሞ አፍንጫዋ ለመታጠፍ ይለግማል። የመጀመሪያውን የሙያው ሰዎች ኦቨርስቲር፣ ሁለተኛውን አንደርስቲር ይሉታል። በአማርኛ «ጅራት መጣል» እና «አልታጠፍ ባይነት» ቢባሉ ከነገሩ አይርቁም።

ትንሽና ፈጣን መኪና ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያማርረው በሁለተኛው ነው። መሪውን ይጠመዝዛል፤ መኪናዪቱ ግን ከኩርባው ወደ ውጭ መግፋቷን አትተውም። በዚህ የተነሣ አልታጠፍ ባይነት መወገድ ያለበት የዲዛይን ጉድለት ተደርጎ ይታያል። ታሪኩ የሚያስረዳው ግን ሌላ ነው። አልታጠፍ ባይነት መሐንዲሶች ሆን ብለው በመኪናዪቱ ውስጥ ያኖሩት የደኅንነት ተቀማጭ ነው። ከተቀማጭ ላይ ማውጣት ነውር የለውም፤ ነገር ግን ስንት እንዳለ፣ ስንት እንደወጣና ስንት እንደቀረ ማወቅ ይገባል።

የነገሩ መነሻ ጎማ ነው። ጎማ ላስቲክ በመሆኑ ወደ ጎን ሲገፋ ይለጠጣል። ስለሆነም በኩርባ ላይ የሚሄድ ጎማ የሚጓዘው ፊቱ ወደሚያመለክትበት አቅጣጫ በትክክል ሳይሆን፣ ጥቂት ዲግሪ ወደ ውጭ ባዘነበለ መስመር ነው። ይህ ልዩነት የመንሸራተት ማዕዘን ይባላል፤ ስሙ መንሸራተት ይሁን እንጂ ጎማው ገና መሬቱን አልለቀቀም። ይህን ጠባይ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዦርዥ ብሩልዬ እ.ኤ.አ. በ1925 በጽሑፍ አቀረበው። የፊት ጎማዎች የመንሸራተት ማዕዘን ከኋላዎቹ የበለጠ እንደሆነ መኪናዪቱ አልታጠፍ ባይ ትሆናለች፤ የኋላዎቹ የበለጠ እንደሆነ ጅራቷን ትጥላለች።

ሐሳቡን ወደ ፋብሪካ ሥራ ያመጣው እንግሊዛዊው ሞሪስ ኦሊ ነው። ኦሊ በሮልስ ሮይስ ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1930 ወደ አሜሪካው ካዲላክ ተዛወረ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1934 ለገበያ ባቀረባቸው መኪናዎች ላይ የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በሞላ የሚንቀሳቀሱበት አሠራር እንዲገባ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። ለሁለቱ ጠባዮች የእንግሊዝኛ ስማቸውን የሰጠውና አልታጠፍ ባይነት በልክ ሲሆን ለተራ ነጂ እንደሚሻል ያስተማረውም ይኸው ሰው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ኩርባው ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው በደመ ነፍስ ነዳጁን ይለቃል፣ መሪውንም አብዝቶ ይጠመዝዛል። አልታጠፍ ባይ በሆነች መኪና ላይ ይህ ድርጊት ብዙውን ጊዜ ያድነዋል፤ ጅራት በምትጥል መኪና ላይ ግን ያጠፋዋል።

የአውሮፕላንና የመኪና ዕውቀት በግልጽ የተገናኙት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በቦይንግ የበረራ ሙከራ መሐንዲስ የነበረው ዊሊያም ሚሊከን የእሽቅድምድም ነጂም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በዋትኪንስ ግሌን ውድድር ቡጋቲው የተገለበጠችበት ኩርባ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሚሊከን፣ ሊዮናርድ ሴግልና ባልደረቦቻቸው በኮርኔል የአየር በረራ ቤተ ሙከራ ሆነው የአውሮፕላንን ሚዛን የሚለኩበትን ሒሳብ በመኪና ላይ አዋሉት። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1956 በለንደን ለመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ የመኪና አያያዝ የሞካሪ ነጂ ስሜት ብቻ መሆኑ ቀርቶ በቁጥር የሚነገር ሆነ።

በእነዚያው ዓመታት በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ይታዩ የነበሩት ትንንሽ መኪናዎች ግን ከኦሊ ምክር በተቃራኒ የቆሙ ነበሩ። በታክሲነት ያገለገለችው ፊያት ሴይቼንቶና ቮልስዋገን ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ ነው። ክብደቱ ወደኋላ ስላመዘነ መሪያቸው ቀላል፣ ዳገት ላይ የመያዝ ኃይላቸውም ጥሩ ነበር። በፈጣን ኩርባ መሐል ነዳጅ በድንገት የተለቀቀ እንደሆነ ግን ጅራታቸው ለመውጣት ይቃጣል። በተለይ የቀድሞው ቮልስዋገን የኋላ አክስ በካምቢዮው አጠገብ ብቻ የሚታጠፍ ስለነበር፣ የመኪናዋ ጀርባ ከፍ ባለ ጊዜ ጎማው ወደ ውስጥ ታጥፎ መሬቱን በጠርዙ ብቻ ሊይዝ ይችል ነበር። ፋብሪካው ይህን አሠራር ለመለወጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው።

በአሜሪካ ተመሳሳይ አሠራር የነበራት የጄኔራል ሞተርስ ኮርቬይር ከፍ ያለ ክርክር አስነሣች። ፋብሪካው አልታጠፍ ባይነትን ሊያኖርባት የሞከረው በጎማ ነፋስ ነበር፤ ለፊት ጎማ 15፣ ለኋላ 26 ፓውንድ በካሬ ኢንች። የፊቱ ጎማ ሲለሰልስ የመንሸራተት ማዕዘኑ ይጨምራልና ስሌቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን የመኪናዪቱን ሚዛን ነፋስ በሚሞላ ሰው እጅ ላይ ጣለው፤ አራቱንም ጎማ እኩል የሞላ ሰው ሳያውቅ ተቀማጩን ባዶ ያደርጋል። በ1964 ሞዴል ላይ ፋብሪካው ከፊት በኩል መካኒኮች ስታቢላይዘር የሚሉትን ዘንግ ጨመረ። የራልፍ ኔደር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲወጣ የመጀመሪያ ምዕራፉ ስለዚህችው መኪና ነበር። የአሜሪካ መንግሥት መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ሪፖርት መኪናዪቱ ከዘመን አቻዎቿ የከፋች አለመሆኗን ቢገልጹም፣ ክርክሩ የመኪና ሚዛን የሕዝብ ጉዳይ መሆኑን አስመስክሮ አለፈ።

ይህ ዘንግ የታሪኩ ዋና ቁልፍ ስለሆነ አሠራሩን መረዳት ያሻል። መኪና በኩርባ ስትዞር ክብደት ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጭኛው ይዛወራል። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 250 ኪሎ የተሸከሙ ሁለት ጎማዎች አንዱ 400፣ ሌላው 100 ኪሎ ቢሸከሙ ድምሩ ያው 500 ነው። የጎማ የመያዝ ኃይል ግን ሸክሙ በጨመረ መጠን እኩል አይጨምርምና፣ ሸክም የበዛበት ጎማ የሚያተርፈው ሸክም የቀነሰለት ከሚያጣው ያንሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ዘንጉ የተተከለበት ወገን ከዝውውሩ የሚበዛውን ድርሻ ይወስዳል፣ በዚያም መጠን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለሆነም ከፊት የተተከለ ዘንግ አልታጠፍ ባይነትን ይጨምራል፤ ከኋላ የተተከለ ይቀንሳል።

ታሪኩ የተገለበጠው እ.ኤ.አ. በ1959 ሚኒ በወጣች ጊዜ ነው። አሌክ ኢሲጎኒስ ሞተሩን ከፊት በኩል አጋድሞ በማስቀመጥ የፊት ጎማዎች እንዲነዱ አደረገ። ከዚህ በኋላ የፊት ጎማዎች ሦስት ሥራ ተደረበባቸው፤ የሞተሩን ክብደት መሸከም፣ መኪናዪቱን መጎተትና መታጠፍ። ድካሙ የሚታየው በሦስተኛው ላይ በመሆኑ አልታጠፍ ባይነት የፊት ጎማ ነጂ መኪናዎች የተፈጥሮ ጠባይ ሆነ። ያም ሆኖ ሚኒ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1964፣ በ1965ና በ1967 የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸንፋለች። እንደ ራውኖ አልቶነን ያሉ የፊንላንድ ነጂዎች በቀኝ እግራቸው ነዳጅ እየሰጡ በግራ እግራቸው ፍሬን በመንካት ክብደቱን ወደ ፊት ያመጡ፣ የኋላውን ያቀልሉ ነበር። ዘንጉ በብረት የሚሠራውን እነርሱ በእግራቸው ሠሩት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ለሽያጭ የቀረበችው 110 የፈረስ ጉልበት ያላት ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. ግን ጥበቡን ከነጂው እግር ወደ ፋብሪካው አመጣችው፤ ከኋላዋም ዘንግ ተተከለ። በብርቱ ኩርባ ላይ የኋላ ውስጠኛ ጎማዋ ከመሬት ተነሥቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የኋላው ወገን የድርሻውን ክፍል ከፍሎ ጨርሷል፤ የፊቱም የዚያን ያህል አርፏል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው የሥራ ቅደም ተከተል ቀላል ነው። የትንሽ መኪናን አልታጠፍ ባይነት ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው መኪናዪቱ ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲህ ነበረች ወይ ብሎ ነው። ያለቀ የፊት ጎማ፣ የጎደለ ነፋስ፣ የላላ ጎሚኒ፣ የሞተ አሞርዛተርና የተዛባ የጎማ አቀማመጥ ብቻቸውን አፍንጫዋን ሊያለግሙት ይችላሉ። እነዚህ ተስተካክለው ካልበቃ የፊት ጎማዎች አናት ጥቂት ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ማድረግና የነፋሱን ልዩነት በፋብሪካው ወሰን ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። የኋላውን ዘንግ ማወፈር የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አዲስ ጎማ ከፊት አድርጎ ያለቀውን ወደኋላ መጣል ግን ፈጽሞ መፍትሔ አይደለም። በደረቅ መንገድ መኪናዪቱ በደንብ የታጠፈች ትመስላለች፤ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ በአስፋልቱ ላይ ካለው አቧራና ዘይት ጋር ሲደባለቅ ግን ጅራቷን የሚይዝ ነገር የለም። በዓባይ በረሃ ቁልቁለትም እንዲሁ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላ ጎማዎች አስቀድሞም ቀልለዋል። በሜዳ ተሞክሮ የተመሰገነው ዘንግ እዚያ ኩርባ ላይ ሊያስከፍል ይችላል።

ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ይህን ሒሳብ ስተው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በስዊድን ጋዜጠኞች ሙከራ የመርሴዲስ ኤ-ክላስ እንቅፋት ለማለፍ መሪዋ ሲጠመዘዝ ተገለበጠች። ከዚህ በኋላ ድርጅቱ እያንዳንዱን ጎማ በኮምፒዩተር ለይቶ ፍሬን የሚይዘውን መሣሪያ በሁሉም ላይ ገጠመላት። መሣሪያው አፍንጫዋ ሲለግም የኋላውን ውስጠኛ ጎማ፣ ጅራቷ ሲወጣ የፊቱን ውጭኛ ጎማ ይይዛል። በአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 2014 መጨረሻ ጀምሮ በማናቸውም አዲስ መኪና ላይ ግዴታ ሆኗል። ሆኖም ኮምፒዩተሩ ጎማው ያልያዘውን መሬት ሊያስይዘው አይችልም።

ዛሬ በልደታ በኩል የሚያልፍ ሰው የከተማውን ቀላል ባቡርና ከሥሩ የሚተላለፉትን መኪናዎች ይመለከታል። ብዙዎቹ ትንንሾች፣ እንደ ቶዮታ ቪትዝ ያሉ በፊት ጎማ የሚነዱ፣ ማለትም የሚኒ የልጅ ልጆች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በርክተዋል። ከእነዚህም መካከል ቮልስዋገን አይ.ዲ.4 ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ልክ እንደ ጥንቷ ቮልስ። ባትሪዋ ከወለሉ ሥር በመሆኑ የክብደት ዝውውሩ ያነሰ ነው፤ ኮምፒዩተሯም ይጠብቃታል። ቢሆንም ባትሪው ከባድ ስለሆነ አራቱ ጎማዎች በኩርባ ላይ የሚጠየቁት የጎን ኃይል የዚያኑ ያህል ይጨምራል። ጥያቄው በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው።

በልደታ ሜዳ ያርፍ የነበረው አብራሪ የአውሮፕላኑ ክብደት ከጎማዎቹ በየት በኩል እንዳለ ሳያውቅ አያርፍም ነበር። የመኪና ባለሙያም የደንበኛውን መኪና ከመንካቱ በፊት ይህንኑ ሊያውቅ ይገባዋል። ዘንጉን ለመግጠም ጥቂት ብሎኖችን ማጥበቅ ይበቃል፤ ከተቀማጩ የወጣው ሒሳብ የሚታየው ግን ዝናብ በጣለ ቀን፣ ቤተሰብ ተሳፍሮ፣ ነጂው ደንግጦ ነዳጁን በለቀቀባት ቅጽበት ነው።